የደም ግፊት ክትትልና የተረሳው አፍ

የከፍተኛ ደም ግፊት ሕክምና ውጤት የሚለካው በቁጥር ነው። ታካሚው በቀጠሮው ቀን ይመጣል፤ መለኪያው ክንዱ ላይ ይታሰራል፤ የተገኘው ልኬት በካርዱ ላይ ይመዘገባል። ግፊቱ ወርዶ ከተገኘ ያው መድኃኒት እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ይታዘዝለታል፤ ካልወረደም መጠኑ ይጨመራል ወይም ሌላ መድኃኒት ይታከልበታል። ይህ አሠራር በመሠረቱ የሚነቀፍ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆኑት የዓለም ሕዝቦች መካከል 1.3 ቢሊዮን የሚጠጉት ከፍተኛ የደም ግፊት ሲኖርባቸው፣ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለው ከአምስቱ የአንዱ ያህል ብቻ ነው። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑት መካከል 16 በመቶ በሚጠጉት ላይ ከፍ ያለ ግፊት ተገኝቷል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ለቁጥሩ ትኩረት መስጠት ተገቢ ነው።

ትችት የሚያስፈልገው ቁጥሩ ብቻውን የክትትሉ መጀመሪያና መጨረሻ ሲሆን ነው። የግፊት መድኃኒት በአብዛኛው የዕድሜ ልክ መድኃኒት ነው። ለዓመታት በየዕለቱ የሚዋጥ ክኒን ደግሞ ታካሚው ሊታገሠው የሚችል መሆን አለበት። ከእነዚህ መድኃኒቶች መካከል ብዙዎቹ በድድ፣ በምራቅ፣ በጣዕምና በአፍ ውስጥ ሽፋን ላይ ለውጥ እንደሚያስከትሉ በመማሪያ መጻሕፍት ተጽፏል። ሆኖም በተመላላሽ ክትትል ላይ «አፍዎን ይክፈቱና ልይልዎ» የሚል ባለሙያ ማግኘት ያስቸግራል። በሌላ በኩል በጥርስ ክሊኒክ አፉ በየቀኑ ይታያል፤ ታካሚው የሚወስደው መድኃኒት ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። በዚህም የተነሣ መረጃው ለሁለት ተከፍሎ ይቀራል፤ መድኃኒቱን የሚያውቀው አፉን አያይም፤ አፉን የሚያየው መድኃኒቱን አያውቅም። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘው ታካሚው ብቻ ነው፤ እርሱም ግንኙነታቸውን የነገረው የለም። ከዚህ የሚከተለው ዋነኛ አደጋ የድድ ማበጥ ወይም የአፍ መድረቅ ብቻ ሳይሆን ታካሚው ለማንም ሳይናገር መድኃኒቱን ማቋረጡ ነው።

የድድ ማደግ

በዚህ ረገድ በይበልጥ የሚጠቀሱት ካልሲየም ቻናል ብሎከር የሚባሉት መድኃኒቶች ናቸው። ኒፌዲፒን ድድን ከመጠን በላይ እንደሚያሳድግ በሕክምና መጽሔቶች ላይ መዘገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በአምሎዲፒን የተነሣ የታየ ተመሳሳይ ለውጥ ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተዘግቧል። ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው መድኃኒቱ በተጀመረ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በቅድሚያ የሚታየው በፊት ጥርሶች መካከል ባለው የድድ ጫፍ ላይ ነው። ጫፉ ይወፍራል፤ ከዚያም እየሰፋ የጥርሱን ገጽ ይሸፍናል። ሲቦረሽ ይደማል፤ ቆሻሻ ይይዛል፤ የአፍ ጠረን ይለወጣል፤ ሲከፋም ማኘክንና መናገርን ያውካል።

የለውጡ መንስኤ ሙሉ በሙሉ አልተብራራም። መድኃኒቱ በድድ ውስጥ ባሉ ፋይብሮብላስት ሴሎች የካልሲየም ዝውውር ላይ በሚያሳድረው ተጽዕኖ ኮላጅን በአግባቡ ሳይፈርስ እንዲከማች ያደርጋል የሚለው ማብራሪያ ሰፊ ተቀባይነት አለው። ለጤና ባለሙያው ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላው እውነታ ግን ይህ ነው፦ ፕላክ የሚባለው በጥርስ ላይ የሚጋገር የባክቴሪያ ሽፋን በበዛበትና ድዱ ቀድሞ በተቆጣበት አፍ ላይ እድገቱ ይብሳል። ስለዚህ መድኃኒቱ ብቻውን ሳይሆን መድኃኒቱና ያልጸዳ ጥርስ በአንድነት ነው ጉዳቱን የሚያከፉት። ይህም ማለት መድኃኒቱ ባይለወጥ እንኳ ሊሠራ የሚችል ሥራ አለ ማለት ነው።

ስፋቱን በተመለከተ የሚጠቀሱት ቁጥሮች በጥንቃቄ ሊነበቡ ይገባል። በእንግሊዝ አገር በኅብረተሰብ ደረጃ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አንድ ጥናት ጉልህ የድድ ማደግ የታየው ኒፌዲፒን ከሚወስዱት 6.3 በመቶ፣ ዲልታያዜም ከሚወስዱት 2.2 በመቶ፣ አምሎዲፒን ከሚወስዱት ደግሞ 1.7 በመቶ በሚሆኑት ላይ መሆኑን አሳይቷል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መድኃኒቱን ከማይወስዱት ጋር ሲነጻጸሩ በስታቲስቲክስ የጎላ ልዩነት አልነበራቸውም። በዚያው ጥናት ወንዶች ከሴቶች ይልቅ ሦስት እጥፍ ተጋላጭ ሆነው ተገኝተዋል። በጥርስ ሕክምና ተቋማት ውስጥ በተካሄዱ ሌሎች ጥናቶች የሚገኘው መቶኛ ከዚህ ከፍ ሊል ይችላል፤ ምክንያቱም ወደ ጥርስ ክሊኒክ የሚመጣው ቀድሞውኑ ድዱ የታመመ ሰው ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት የተሳሳቱ መደምደሚያዎች ሲወሰዱ ይታያል። አንደኛው «አምሎዲፒን ድድ አያሳድግም» የሚለው ነው። መቶኛው ትንሽ ቢሆንም መድኃኒቱ የሚሰጠው ሕዝብ ብዛት ታላቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ረዥም ጊዜ የሚሠሩ የዚህ ክፍል መድኃኒቶች ሕክምና ከሚጀመርባቸው ሦስት ምድቦች አንዱ ናቸው፤ ከእነርሱም በስፋት የሚታዘዘው አምሎዲፒን ነው። ከመቶ አንድ ሰው ለአንድ ሐኪም ብርቅ ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ አገር የክትትል ሥርዓት ግን ብርቅ አይደለም። ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ይኸውም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድዱ ባበጠ ቁጥር ጥፋቱን በመድኃኒቱ ላይ መጫን ነው። ተራ የድድ ብግነት በኅብረተሰቡ ዘንድ እጅግ የተስፋፋ በሽታ ነው። እርግዝና፣ የስኳር በሽታ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኒቶይን፣ አልፎ አልፎም የደም ካንሰር ድድን ያሳብጣሉ። ምርመራ ሳያደርጉ መፍረድ በሁለቱም ወገን አይገባም።

ለምሳሌ ያህል ለሁለት ዓመት ኒፌዲፒን ሲወስድ የቆየ አንድ ጎልማሳ ይታሰብ። ድዱ ሲደማ ወደ ጥርስ ክሊኒክ ይሄዳል፤ የጥርስ እጥበት ተደርጎለት ይሸኛል። ከጥቂት ወራት በኋላ ድዱ እንደገና ያድጋል፤ እንደገና ይታጠባል። በሦስተኛው ጊዜ ትርፉ ሥጋ በቀዶ ሕክምና ይወገድለታል፤ መድኃኒቱ ግን አልተለወጠምና እድገቱ ይመለሳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግፊቱን የሚከታተለው ሐኪም በካርዱ ላይ የሚያየው «ግፊቱ ተስተካክሏል» የሚለውን ብቻ ነው። ሁለቱም ክሊኒኮች የየራሳቸውን ሥራ በሚገባ ሠርተዋል፤ ሕመምተኛው ግን አልዳነም፤ ገንዘቡንም ከስሯል። ከጥርስ ክሊኒኩ ወደ ግፊት ክሊኒኩ የምትጻፍ አንዲት አጭር የመላላኪያ ወረቀት ይህን ሁሉ ልታስቀር ትችል ነበር። መድኃኒቱ ሲቀየር እድገቱ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየቀነሰ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነውና፤ ቀዶ ሕክምናም የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ለቀረው ይሆናል።

ሊሰመርበት የሚገባው ግን የመድኃኒት ለውጥ የሚወሰነው ግፊቱን በሚከታተለው ሐኪም መሆኑ ነው። የጥርስ ባለሙያው ድርሻ መጠርጠር፣ ማጽዳት፣ የጥርስ አቦራረሽን ማስተማርና ማሳወቅ ነው። «ይህን ክኒን ተወው» ብሎ መሸኘት ግን ከድድ እድገቱ የከፋ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

የአፍ ድርቀት

ምራቅ ከሚታሰበው በላይ ሥራ አለው። የጥርስን አሲድ ያለዝባል፤ ጥርስን የሚጠግኑ ማዕድናትን ያቀርባል፤ ተህዋስያንን ይቋቋማል፤ ምግብን ያለሰልሳል። ጤናማ ሰው በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ምራቅ ያመነጫል። ሰውየው አፉ መድረቁ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ የምራቁ መጠን በግማሽ ያህል ከቀነሰ በኋላ ነው። ስለዚህ «አፌ ይደርቃል» የሚለው ቅሬታ ሲሰማ ነገሩ ቀድሞ ርቆ መሄዱን መገንዘብ ያሻል።

ከግፊት መድኃኒቶች መካከል አፍን በማድረቅ ቀዳሚ የሆነው ክሎኒዲን ነው። በእርግዝና ጊዜ በብዛት የሚሰጠው ሜታይልዶፓም ይህ ባሕርይ አለው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሴማይድን የመሳሰሉት የሚያሸኑ መድኃኒቶች ደግሞ በተለይ በአረጋውያን ላይና ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ሲደራረቡ የድርቀት ስሜትን ያባብሳሉ። መድኃኒቶቹ በበዙ ቁጥር ድርቀቱም ይጨምራል። ለግፊት ሁለት፣ ለስኳር አንድ፣ ለእንቅልፍ ወይም ለነርቭ ሕመም አሚትሪፕቲሊን የሚወስድ ሰው ላይ የትኛው መድኃኒት ጥፋተኛ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ከዚህም በላይ ያልተስተካከለ የስኳር በሽታ፣ በአፍ መተንፈስ፣ ጫት መቃም፣ ሲጋራ ማጤስ አፍን ያደርቃሉ። ውኃ ሳይቀመስ የሚዋልበት የጾም ሰዓትም ድርቀቱን ያጎላዋል።

በዚህ ላይ የሚሰነዘረው ትችት የሚሰጠውን ምክር ይመለከታል። ለአፍ ድርቀት ቅሬታ የተለመደው መልስ «ውኃ ጠጣ» የሚል ነው። ምክሩ ስሕተት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው። አፉ የሚደርቅበት ሰው ቀኑን ሙሉ የሚጎነጨው ነገር ይፈልጋል፤ እጁ የሚሄደው ደግሞ ወደ ቀረበው ነው። ያም ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥ ወይም ከረሜላ ሊሆን ይችላል። ምራቅ በሌለበት አፍ ውስጥ በየጊዜው የሚገባ ስኳር ጥርስን ከድዱ ሥር ዙሪያውን ይቦረቡራል። በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ጥርሶቹ በአንገታቸው ላይ የጠቆሩ አረጋዊ ሲታዩ «ዕድሜ ነው» ማለት ይቀላል፤ መጠየቅ የሚገባው ግን ምን እንደሚወስዱና ምን እንደሚጎነጩ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያደርጉ ከሆነም በደረቀ አፍ ላይ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ከጥርሱ ሥር በቀላሉ ይራባል።

የተሟላው ምክር ስኳር የሌለው ነገር መጎንጨትን፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ ማኘክን፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽን፣ ሰው ሠራሽ ጥርስን ሌሊት አውልቆ ማጽዳትን ይጨምራል። መፋቂያ የለመደ ሰው መፋቂያውን እንዲተው ማስገደድ አያስፈልግም፤ ነገር ግን መፋቂያ ፍሎራይድ እንደማይተካ ሊነገረው ይገባል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚሠሩ ባለሙያዎች የፍሎራይድ ነገር ሊያሳስባቸው ይችላል። ይሁን እንጂ ጥርስን የሚያበልዘው ፍሎራይድ ይህን የሚያደርገው ጥርሱ ከመብቀሉ በፊት በሚፈጠርበት በልጅነት ዘመን ነው፤ አዋቂ ሰው ቦርሾ የሚተፋው የጥርስ ሳሙና የበቀለ ጥርሱን አያበልዝም።

ጣዕም፣ የአፍ መቃጠልና ጨው

ካፕቶፕሪልና የዚህ ክፍል ሌሎች መድኃኒቶች በጥቂት ታካሚዎች ላይ የጣዕም ለውጥ ያመጣሉ። ምግቡ ጣዕሙ ይጠፋል፤ ወይም ብረት ብረት ይላል። በአብዛኛው ለውጡ በራሱ ጊዜ ወይም መድኃኒቱ ሲቆም ይለቃል፤ በመሆኑም ቀላል ነገር ተደርጎ ይታለፋል። ነገር ግን ለግፊት ታካሚ የመጀመሪያው የአመጋገብ ምክር «ጨው ቀንስ» የሚል መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ወጡ ጣዕም አልሰጥ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ጨው ይጨምራል። ባለሙያው ግፊቱ ለምን አልወረደም ብሎ መጠኑን ሲጨምር፣ ጣዕም ያሳጣው ያው መድኃኒት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሌላው ላይከኖይድ የሚባለው ለውጥ ነው። የሚያሸኑ መድኃኒቶች፣ ቤታ ብሎከሮች፣ ሜታይልዶፓና ኤሲኢ ኢንሂቢተሮች አልፎ አልፎ በጉንጭ ውስጠኛ ገጽ ወይም በምላስ ላይ ነጫጭ መስመሮችንና የሚያቃጥሉ ቁስሎችን ያወጣሉ። በርበሬና ሚጥሚጣ የዕለት ምግብ በሆነበት አገር ይህ ለታካሚው ትልቅ ነገር ነው። ወጥ መብላት ያቃተው ሰው ይከሳል፤ ነገሩን በምች ወይም በጨጓራ ያሳብባል፤ ባለሙያውም የአፍ ቁስል ቅባት ሰጥቶ ሊሸኘው ይችላል። ቁስሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን የአፍ ካንሰር ሊሆን የሚችልበት ዕድል ስላለ፣ መድኃኒቱን ብቻ በመጠርጠር ሳይዘናጉ ናሙና ወደሚወሰድበት ተቋም መላክ ግዴታ ነው።

የከንፈርና የምላስ እብጠት

እስካሁን የተነሡት ኑሮን የሚያጎሳቁሉ ናቸው፤ ይህኛው ግን ነፍስን ይነካል። እንደ ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪልና ካፕቶፕሪል ያሉት ኤሲኢ ኢንሂቢተሮች ከሚወስዷቸው 1000 ሰዎች ከ1 እስከ 7 በሚሆኑት ላይ አንጂዮኢዴማ፣ ማለትም የከንፈር፣ የምላስ፣ የፊትና የጉሮሮ እብጠት ያስከትላሉ። በአሜሪካ በተካሄዱ ጥናቶች አደጋው በትውልደ አፍሪካውያን ላይ በብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እብጠቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊመጣ ይችላል፤ መድኃኒቱ ለዓመታት ያለ ችግር ከተወሰደ በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ስሕተቱ የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው። ከንፈሩ ያበጠ ሰው ወደ ጥርስ ክሊኒክ ይሄዳል፤ እብጠቱ ከጥርስ የመጣ መግል ተደርጎ ሊወሰድና አንቲባዮቲክ ሊታዘዝለት ይችላል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥም እብጠቱ ይጎድላል፤ ሁሉም «መድኃኒቱ ሠራ» ይላል። ኢናላፕሪሉ ግን ይቀጥላል፤ የሚቀጥለው እብጠት ምላስን ወይም ጉሮሮን ሊይዝ ይችላል። ትኩሳት፣ ቁስለትና የታመመ ጥርስ የሌለበት ድንገተኛ የከንፈር እብጠት በታየ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ «የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?» መሆን አለበት።

ይህ እብጠት የሚመጣው በብራዲካይኒን መከማቸት እንጂ በሂስታሚን ስላልሆነ አድሬናሊን፣ የአለርጂ መድኃኒትና ስቴሮይድ የሚጠበቅባቸውን ያህል ላይሠሩ ይችላሉ። ስለዚህ የመተንፈሻ ቱቦውን መጠበቅ ይቀድማል፤ ታካሚው ጉሮሮው ሳይዘጋ ቱቦ ማስገባትና ቀዶ ሕክምና ወደሚቻልበት ሆስፒታል ሊላክ ይገባል። መድኃኒቱ ለዘለቄታው ይቆማል፤ የዚሁ ክፍል ሌላ መድኃኒትም አይሰጥም። ይህም በካርዱ ፊት ለፊት በጉልህ ሊጻፍ ይገባል።

የጥርስ ክሊኒኩ ድርሻ

ትችቱ የግፊት ክሊኒኩን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በጥርስ ክሊኒክ የሚታዘዙ ተራ መድኃኒቶች የግፊት ሕክምናን ያፋልሳሉ። ለጥርስ ሕመም የሚሰጡት ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨውና ውኃ በሰውነት ውስጥ በማቆየት ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ የሚያሸኑ መድኃኒቶችንና የኤሲኢ ኢንሂቢተሮችን ኃይልም ይቀንሳሉ። ከሁለቱ ጋር በአንድነት ሲወሰዱ ደግሞ በተለይ በአረጋውያን ላይ ኩላሊትን ለጉዳት ያጋልጣሉ። ፓራሲታሞል የተሻለ ምርጫ ነው፤ እርሱም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት በቀን 4 ግራም ለሁለት ሳምንት ሲወሰድ የላይኛውን ግፊት በ5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ከፍ ማድረጉ ታይቷል፤ ለአጭር ጊዜ ብቻ ሊታዘዝ ይገባል። ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን የአምሎዲፒንና የኒፌዲፒንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ በማድረግ ግፊትን ከልክ በላይ ሊያወርዱ ይችላሉ።

ጥርስ ለመንቀል የቀረበን ሰው «ዛሬ የግፊት መድኃኒትህን አትውሰድ» ማለትም አይደገፍም። በተለይ ክሎኒዲን ወይም ቤታ ብሎከር በድንገት ሲቋረጥ ግፊቱ ወይም የልብ ሕመሙ አገርሽቶ ሊነሣ ይችላል። ታካሚው መድኃኒቱን እንደ ልማዱ ወስዶ፣ ግፊቱ ተለክቶ፣ ልኬቱ 180/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አስቸኳይ ያልሆነው ሥራ ሊተላለፍ ይገባል። አድሬናሊን ያለበት የማደንዘዣ መርፌም በጠቅላላ የተከለከለ አይደለም፤ ማደንዘዣው ሳይበቃ የሚመጣው ሕመም ራሱ ግፊትን ያንራልና። ነገር ግን ፕሮፕራኖሎልን የመሰለ ቤታ ብሎከር በሚወስድ ወይም የልብ ሕመም ባለበት ሰው ላይ የአድሬናሊኑን መጠን ከ0.04 ሚሊግራም ሳያሳልፉ፣ መርፌው ደም ሥር ውስጥ አለመግባቱን ስቦ በማረጋገጥ በዝግታ መስጠት ያስፈልጋል። ሥራው ሲያበቃም ታካሚው ከወንበሩ በአንድ ጊዜ መነሣት የለበትም፤ ለጥቂት ደቂቃ ተቀምጦ ቢነሣ ከመውደቅ ይድናል።

አፍ በግፊት ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖም መጠቀስ ይኖርበታል። በምላስ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአትክልት የሚገኘውን ናይትሬት ወደ ናይትራይት በመለወጥ የደም ሥሮችን የሚያላላ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲፈጠር ይረዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ አነስተኛ ጥናት 19 ጤነኛ ሰዎች ለሰባት ቀን በክሎርሄክሲዲን አፋቸውን ሲጉመጠመጡ ግፊታቸው ከ2 እስከ 3.5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ከፍ ብሏል። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ክሎርሄክሲዲንን አያስከለክልም፤ የተወሰነ ቀን ሳይቆረጥለት እንዲሁ መታዘዙን ግን መልሶ ለማጤን ይበቃል።

ማስፈራራት መፍትሔ አይሆንም

ይህ ሁሉ ሲዘረዘር አንባቢው መድኃኒቶቹን እንዲፈራ መደረግ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2016 የበርካታ ጥናቶችን ውጤት በአንድነት የመረመረ ትንተና እንዳሳየው የላይኛው ግፊት በየ10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲወርድ ዋና ዋና የልብና የደም ሥር አደጋዎች በ20 በመቶ፣ ስትሮክ በ27 በመቶ፣ የልብ ድካም ደግሞ በ28 በመቶ ይቀንሳሉ። በሚዛኑ በአንደኛው ወገን የደረቀ አፍ፣ በሌላው ወገን አንድ ጎኑ የማይታዘዝለት የቤተሰብ አሳዳሪ ሲቀመጥ የሚያደፋው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

ነገር ግን ይህን ሚዛን የሚያየው ባለሙያው ነው፤ ታካሚው የሚያየው ሌላ ነው። ከፍተኛ የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ የመድኃኒቱ ጉዳት ግን ይሰማል። ስለዚህ ለታካሚው በሽታው የማይታይ፣ መድኃኒቱ የሚያሳምም ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱን ሲያቋርጥ አፉ ይረጥባል፤ ምግቡ ይጣፍጠዋል፤ ግፊቱ መውጣቱ ግን አይሰማውም። ይህን ሰው «ለምን አቋረጥክ?» ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው፤ ሲበዛም ሁለተኛ እንዳይመጣ ያደርገዋል። ከመገሠጽ ይልቅ ሌላ የሚስማማው መድኃኒት እንዳለ አስቀድሞ ማሳወቅ ይበልጣል። ለግፊት ያለው የመድኃኒት ምርጫ ብዙ ነው፤ በአንዱ የተቸገረን ሰው ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል። ሳይጠየቁ የሚናገሩ ታካሚዎች ጥቂቶች ስለሆኑ ግን አስቀድሞ መጠየቅ የባለሙያው ፈንታ ነው።

ምን ይደረግ?

የሚፈለገው ለውጥ አዲስ መሣሪያም ሆነ ከፍተኛ በጀት አይጠይቅም። በመጀመሪያ በግፊት ክትትል ካርድ ላይ ስለ አፍ አንድ መስመር ቢጨመር ይበጃል። ልኬቱን የሚወስደው ነርስ «አባባ፣ አፍዎ ይደርቃል? ሲቦርሹ ድድዎ ይደማል? ምግብ ይጣፍጥዎታል? ከንፈርዎ ወይም ምላስዎ አብጦ ያውቃል?» ብሎ ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። መልሱ አዎን ከሆነ በባትሪ አብርቶ የፊት ጥርሶችን ድድ፣ ምላስንና ጉንጭን ማየት ነው። ካልሲየም ቻናል ብሎከር የተጀመረለት ሰው ከሦስት ወር በኋላ በሚመጣበት ቀጠሮ ድዱ ቢታይ መልካም ነው።

በሁለተኛ ደረጃ በጥርስ ክሊኒክ ካርድ ላይ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ስም ሳይጻፍ ሥራ ባይጀመር፣ ለማንኛውም አዋቂ ሰውም ግፊት ቢለካ ሁለት ጥቅም ይገኛል፤ ግፊቱን ያላወቀውም ሰው በዚያው ይታወቅለታል። በሦስተኛ ደረጃ መድኃኒት የሚያድለው ፋርማሲስት «ድድ ካበጠ ወይም አፍ ከደረቀ ሳያቋርጡ ይምጡ፤ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን መድኃኒቱን አቁመው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ» የሚሉትን ሁለት ምክሮች ለይቶ ሊነግር ይገባል። የሁለቱ ልዩነት ታካሚውን ያድናል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም በቤት ለቤት ጉብኝቷ ክኒኑ ሳይነካ የተቀመጠበትን ምክንያት ስትጠይቅ ስለ አፍም ብትጠይቅ ያልተጠበቀ መልስ ልታገኝ ትችላለች። በመጨረሻም የታየው ጉዳት በመድኃኒት ጉዳት ማሳወቂያ ቅጽ ተሞልቶ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሊላክ ይገባል። ከላይ የተጠቀሱት መቶኛዎች ከሌላ አገር የተገኙ ናቸው፤ በአገር ውስጥ በግፊት መድኃኒት ምክንያት ስንቱ ድዱ እንዳደገና ስንቱ ከንፈሩ እንዳበጠ ማወቅ የሚቻለው ያየው ባለሙያ ሲጽፈው ነው።